የጦማርያንን እስር ታሪክ ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዞን 9 በተባለው የበይነ መረብ ጦማር ላይ ይጽፉ ስለነበሩት ጦማርያን እስርና ክስ የሚጽፉ ወጣቶችን ረቂቅ ሳርም ዓመታት አልፈዋል። ትጋታቸውን አደንቃለሁ፤ ይሁን እንጂ አንድ ዓይነት ስህተት ከረቂቅ ወደ ረቂቅ ሲሸጋገር ማየት ስላስጨነቀኝ ከዚህ በታች ያለውን ጽፌአለሁ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት «ተፈቱ» የሚለውን ቃል ለሁሉም እኩል መስጠት ነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በሐምሌ ወር በፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ ክስ ሲመሠረት፣ ከአገር ውጭ የነበረችው የዞን 9 ጦማሪ ሶልያና ሽመልስ በሌለችበት ተካትታ ተከሳሾቹ አሥር ሆኑ። ከአንድ ዓመት በኋላ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የማህሌት ፋንታሁን፣ የዘላለም ክብረት፣ የኤዶም ካሳዬ፣ የተስፋለም ወልደየስና የአስማማው ኃይለጊዮርጊስ ክስ ተቋረጠ። ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሶልያናን፣ አቤል ዋበላን፣ ናትናኤል ፈለቀንና አጥናፍ ብርሃነን መከላከል ሳያስፈልጋቸው በነጻ አሰናበታቸው። በፍቃዱ ኃይሉ ግን ከሽብር ክሱ ነጻ ቢባልም፣ አመፅ በማነሳሳት ወንጀል እንዲከላከል ታዝዞ ቆይቶ በዋስ ወጣ። ሁሉም ከእስር ወጡ፤ የወጡበት በር ግን የተለያየ ነው። ክስ የሚያቋርጠው ከሳሹ ራሱ ስለሆነ መቋረጡ ብቻውን የንጽሕና ማረጋገጫ አይደለም፤ በነጻ ማሰናበት የዳኛ ውሳኔ ነው፤ ዋስትና የተሰጠው ሰው ክሱ ገና አላለቀም፤ ይቅርታ ደግሞ ጥፋተኛ ተብሎ ለተፈረደበት የሚሰጥ ነው። ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ከብዙ ዓመት በፊት፣ በሌላ ጉዳይ፣ ክሷ ስለተቋረጠላት ሴት «በይቅርታ ተለቀቀች» ብዬ ጻፍኩ። ወንድሟ ስልክ ደውሎ፣ «ይቅርታ የሚደረግለት የበደለ ነው፤ እህቴ ማንን በደለች?» አለኝ። እርማቱ በማግስቱ ቢወጣም ዐረፍተ ነገሩን ሌሎች ቀድተውት ስለነበር ስሟን ለሚፈልግ ሰው የሚመጣለት እስከ ዛሬ ያ የተሳሳተው ነው። በወረቀት ጋዜጣ ዘመን ስህተት ከዕትሙ ጋር ያረጅ ነበር፤ በበይነ መረብ ላይ ግን ሥራ በሚያመለክቱበትም ሆነ ቪዛ በሚጠይቁበት ቀን ሰውየውን ቀድሞት ይገኛል።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ከፈረንጆቹ ዓመት ሁልጊዜ ስምንት የሚቀንሱ ጸሐፊዎች ጥቅምት 2008ን ወደ ጥቅምት 2007 ይወስዱትና፣ ፍርድ ቤቱ በነጻ ያሰናበታቸው የሌሎቹ ክስ ከመቋረጡ ከዘጠኝ ወር በፊት እንደሆነ ያስመስላሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ የሚቀነሰው ሰባት ነው። የአዋጅ ቁጥር ሲነበብም ጥንቃቄ ያሻል። የፀረ ሽብርተኝነት አዋጁ፣ አዋጅ ቁጥር 652/2001፣ የወጣው በእኛው 2001 ዓ.ም. ሆኖ ሳለ፣ 2001ን የፈረንጆች ዓመት አድርጎ በመውሰድ በኒው ዮርክ ጥቃት ማግስት እንደታወጀ አድርጎ የጻፈ ረቂቅ ከአንድም ሁለት ጊዜ ደርሶኛል።

ጦማርያኑ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ተከሰሱ የሚሉም አሉ። ያ አዋጅ ቁጥሩ 958/2008 ነው፤ እነርሱ በተከሰሱበት በ2006 ዓ.ም. አልነበረም።

ቦታ ማምታታትም ያሳስበኛል። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስምንት ዞኖች ስለነበሩት፣ ጦማርያኑ ከግንቡ ውጭ ያለውን አገር ዘጠነኛው ዞን ብለው ስሙን ከዚያ አወጡ። ይህ ስም ግን አብዛኛውን ጸሐፊ ሁሉም ተከሳሾች ቃሊቲ ታስረው እንደነበር እንዲያስብ አድርጎታል። በምርመራው ወቅት የቆዩት በማዕከላዊ ነው፤ በኋላም ሴቶቹ ወደ ቃሊቲ፣ ወንዶቹ ወደ ቂሊንጦ ተወሰዱ። ማዕከላዊ የፖሊስ የምርመራ ማዕከል እንጂ የፍርደኛ ማረሚያ ቤት አልነበረም፤ በዚያ የተሰጠ ቃል እንዴት እንደተሰጠ ለሚመረምር ጸሐፊ ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

የጋዜጠኛ እስክንድር ነጋን ጉዳይ ከዚህ ጋር መቀላቀል አይገባም፤ እርሱ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ታስሮ፣ ጥፋተኛ ተብሎ 18 ዓመት የተፈረደበትና በየካቲት 2010 ዓ.ም. የወጣ ነው።

የክሱን ቃል ሳይመረምሩ መገልበጥም እንደዚሁ አደገኛ ነው። ጦማርያኑ በዲጂታል ደኅንነት ላይ መሠልጠናቸውና ሴኩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ በተባለው መሣሪያ መጠቀማቸው በክሱ ላይ ተጠቅሷል። ይህ ጋዜጠኞች ምንጫቸውን ለመጠበቅ የሚጠቀሙበት፣ ማንም ከበይነ መረብ ሊያወርደው የሚችል መመሪያና ሶፍትዌር ነው። «ድብቅ የመገናኛ ዘዴ ሲጠቀሙ ተደረሰባቸው» ብሎ የሚጽፍ ሰው የዐቃቤ ሕግን ክርክር በራሱ ድምፅ እያሰማ ነው፤ «ዐቃቤ ሕግ በክሱ እንዳለው» የሚሉት አራት ቃላት ሊቀሩ አይገባም።

የመጨረሻው፣ የማይከፈት ማስፈንጠሪያ ሲያጋጥም ጽሑፉ አልነበረም ብሎ መደምደም ነው። የዞን 9 ጦማር ኢትዮጵያ ውስጥ ታግዶ ነበር፤ በሰኔ 2010 ዓ.ም. የ264 ድረ ገጾችና ጦማሮች እገዳ ሲነሣ ደግሞ ከእገዳው ዘመን ብዙው ጽሑፍ ባለቤት አልባ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ የጠፋ ገጽ ሲገጥማችሁ አድራሻውን በኢንተርኔት አርካይቭ ፈልጉት፤ ያገኛችሁትንም ከነቀኑ በራሳችሁ ዘንድ አስቀምጡ። እኔ በ2006 ዓ.ም. ያነበብኳቸውን ሳላስቀምጥ ቀርቼ ዛሬ የማላገኛቸው ጽሑፎች ብዙ ናቸው።