ወንዝ መንገዱን ሲቀይር፦ የባሕር ዳርቻን ደለል ስናነብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሕር ወለል በረጅም ቱቦ የወጣ የጭቃ ናሙና ለሁለት ተሰንጥቆ ጠረጴዛ ላይ ሲጋደም መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ቀለሙ ነው። ላይ ላዩ ቡናማ፣ ዝቅ ሲል ግራጫ፣ መካከሉ ላይ ደግሞ የጣት ውፍረት ያላት የአሸዋ መስመር። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ጭቃውን ቆንጠር አድርገው በፊት ጥርሳቸው ያላምጡታል። ከተንኮሻኮሸ ደቃቅ ደለል ነው፤ ለስልሶ ካዳለጠ ሸክላ ነው። እስከዚህ ድረስ የሚሳሳት የለም። ነገሩ የሚበላሸው «ታዲያ ይህች አሸዋ እዚህ ምን ታደርጋለች?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ ነው።

«አሸዋ ካለ ወንዙ በርትቶ ነበር» ማለት

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው፤ እኔም ወድቄበታለሁ። አሳቡ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ብርቱ ጎርፍ ሻካራውን ቅንጣት አርቆ ይወስዳል። ነገር ግን ወንዙ ፊቱን አዙሮ በሌላ በኩል ወደ ባሕር ሲገባ፣ በቀድሞው አፍ ላይ አዲስ ጭቃ መምጣቱ ይቆማል፤ ማዕበሉ ግን አይቆምም። እንደ ሰፌድ እያበጠረ ደቃቁን ያነሣና ይወስዳል፣ ከባዱን ይተዋል። ስለዚህ ያች የአሸዋ መስመር የወንዙ መምጣት ሳትሆን የመሄዱ ምልክት ልትሆን ትችላለች።

ለመለየት ቅንጣቱን ብቻ መለካት አይበቃም፤ አብሮ ያለውን ማየት ያስፈልጋል። የተሰባበረ የባሕር ቀንድ አውጣ ዛጎል የበዛበት፣ ቅንጣቱ እኩል እኩል የሆነ፣ ከሥሩ ያለውን ጭቃ በስለት እንደተቆረጠ አድርጎ የሚጀምር ንብርብር አብዛኛውን ጊዜ የማዕበል ሥራ ነው። የጎርፍ ንብርብር ደግሞ ከየብስ የመጣ የቅጠልና የእንጨት ስብርባሪ ይዞ ይመጣል።

ወንዙ ከሄደ የቀድሞው ደልታ ያርፋል ብሎ ማሰብ

የቻይናው ቢጫ ወንዝ ለዚህ የሚበልጥ አስተማሪ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1128 የቻይናው የሶንግ ሥርወ መንግሥት ሠራዊት ከሰሜን የመጣውን የጂን ጦር ለማገድ ሲል የወንዙን ግድብ፣ ማለትም ውኃው እንዳይወጣ በዳርና ዳር የተካበውን የአፈር ካብ፣ ሰበረ። ወንዙ ወደ ደቡብ ታጠፈ፤ እስከ 1855 ድረስም በአብዛኛው በዛሬዋ ጂያንግሱ በኩል ወደ ቢጫ ባሕር ሲፈስ ኖረ። በእነዚያ ሰባት መቶ ዓመታት የባሕሩን ዳርቻ ገፍቶ ሰፊ ደልታ፣ ማለትም ወንዝ በአፉ ላይ የሚከምረውን የደለል ምድር፣ ሠራ። በ1855 ግድቡን ጥሶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቦሃይ ባሕር ተመለሰ።

ወላጁ የተወው ደልታ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ዳርቻው በብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከዚያ የተሸረሸረው ጭቃ ደግሞ የትም አልጠፋም፤ ባሕሩ ወስዶ ሌላ ቦታ አስተኛው። እንግዲህ በቢጫው የሎዕስ አፈር (ነፋስ አምጥቶ የከመረው ደቃቅ አፈር) የሚታወቀውን ካልሳይት የተባለ የኖራ ማዕድን የበዛበት ጭቃ ከ1855 በኋላ በተኛ ንብርብር ውስጥ ያገኘ ሰው «ወንዙ አሁንም እዚህ ነበር» ቢል ይሳሳታል። ያየው የወንዙን ውርስ ነው። በአሜሪካው የሚሲሲፒ ወንዝ አፍ አጠገብ ያሉት የሻንደሊር ደሴቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ወንዙ ከተዋት የጥንት ደልታ ማዕበል አበጥሮ ያስቀረው አሸዋ።

ግድቡ የተሰበረበትን ዓመት ጭቃው ውስጥ መፈለግ

ይህኛው ረቂቅ ነው። 1855 በታሪክ መዝገብ አንድ ዓመት ነው፤ በባሕሩ ወለል ላይ ግን አይደለም። ውኃው አዲሱን መንገድ ሲጀምር የሚይዘው ግድብ አልነበረውም። ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል ሜዳው ላይ ተንጣልሎ አብዛኛውን ደለሉን እዚያው አራገፈ። ቦሃይ በብዛት መቀበል የጀመረችው የወንዙ ዳር ዳር በግድብ ከታጠረ በኋላ ነው።

በ1938 የሆነው ደግሞ ከዚህ የባሰ ያሳስታል። የቻይና መንግሥት ጦር የጃፓንን ግስጋሴ ለመግታት ሁዋዩዋንኮው ላይ ግድቡን አፈረሰ፤ ወንዙም እስከ 1947 ወደ ደቡብ ምሥራቅ ፈሰሰ። የደለሉ አብዛኛው በየሜዳው ቀረ። ሰሜኑ ተራበ፣ ደቡቡ ባሕር ግን በዚያው ልክ አልጠገበም። ከአንዱ የጎደለው በሌላው መገኘት አለበት ብሎ ሒሳብ የሚሠራ ሰው እዚህ ላይ ይከስራል።

ዕድሜውን በአንድ ፍጥነት መቁጠር

ሊድ-210 የተባለው ጨረር አመንጪ የእርሳስ ዓይነት በ22 ዓመት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ላለፉት መቶ ዓመታት ጥሩ ሰዓት ነው። ሆኖም ቀላሉ ስሌት ጭቃው በየዓመቱ እኩል ተኝቷል ብሎ ይነሣል፤ የወንዝ አፍ ቀርቦ በራቀበት ቦታ ይህ እውነት አይሆንም። ሲዚየም-137ን መደረብ ይረዳል፤ ከኑክሌር ቦምብ ሙከራ የረገፈው ይህ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በ1963 አካባቢ ጣሪያ ስለነካ እንደ ችካል ያገለግላል። የሕያዋን ቅሪት ዕድሜ የሚለካበት ካርቦን-14 በበኩሉ ከአሮጌ አፈር ታጥቦ የመጣ ካርቦን ሲቀላቀልበት ጭቃውን ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል።

የመንገድ ለውጥንና የደለል መቀነስን ማምታታት

ቢጫ ወንዝ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በመካከለኛው ክፍሉ በዓመት 1.6 ቢሊዮን ቶን ገደማ ደለል ይሸከም ነበር። ከ2000 ወዲህ እርከን፣ ደንና ግድብ ተባብረው አማካዩን ከ300 ሚሊዮን ቶን በታች አውርደውታል። በመካከሉ፣ በ1976፣ የወንዙ አፍ በሰው እጅ ወደ ሌላ ቦይ ተዛውሯል። በአንድ ናሙና ላይ ሁለቱም «ጭቃው ሳሳ» ብለው ይታያሉ። አፉ ሲዛወር ግን የአንዱ ቦታ መሳሳት ከሌላው መወፈር ጋር ይመጣል፤ ደለሉ ራሱ ሲቀንስ ሁሉም ይሳሳል።

በአንድ ቱቦ መፍረድ

ከላይ ካለው የሚከተል ስለሆነ አላረዝመውም። ጭቃ በወንዙ አፍ ላይ ብቻ ስለማይቀር ከአንድ ቦታ የወጣ ናሙና ብቻውን ስለ ወንዙ አይመሰክርም። የቀዝቃዛው ወራት ማዕበል ያነሣዋል፣ የዳርቻው ጅረት ያሻግረዋል። በሻንዶንግ ልሳነ ምድር ምሥራቃዊ ጫፍ ዙሪያ እስከ 40 ሜትር የሚወፍር የጭቃ ክምር ተኝቷል፤ አብዛኛው የቢጫ ወንዝ ነው። ከወንዙ አፍ እስከዚያ ድረስ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነው፤ በአቅራቢያውም ይህን ያህል ጭቃ የሚያመጣ ሌላ ወንዝ የለም።