ፕሬድኒሶሎን እየወሰዳችሁ ቀን ቀን ድካም ለሚጥላችሁ
ለክሮንስ ወይም ለአልሰረቲቭ ኮላይተስ (አንጀትን የሚያስቆጡ የቆዩ ሕመሞች) ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት እየወሰዳችሁ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ፣ ቀን የምትዝሉት በዚያው ሊሆን ይችላል። በቀን አንዴ የታዘዘ ከሆነ ሙሉውን መጠን ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት፣ ቁርስ በልታችሁ ዋጡት። የሰውነታችን የራሱ ኮርቲሶል፣ ማለትም የሚያነቃን ሆርሞን፣ ከፍ የሚለው ንጋት ላይ ነው፤ መድኃኒቱም እንደ ኮርቲሶል ስለሚሠራ ማታ ሲዋጥ እንቅልፍ ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ቡና እየደገሙ ግን ብዙ ለውጥ መጠበቅ አይቻልም። ሐኪም ለሁለት ከፍሎ ካዘዘላችሁ ሳትጠይቁት አንድ ላይ አትዋጡት። ድካሙ መረረኝ ብሎ በድንገት ማቋረጥማ አደገኛ ነው። እንቅልፍ ተስተካክሎም ድካሙ ካልለቀቀ ሄሞግሎቢን (የደም ማነስን የሚያሳይ) እና ፌሪቲን (በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ) ተመርመሩ፤ አንጀት እየተቆጣ ሳለ ፌሪቲን በሊትር እስከ 100 ማይክሮግራም ቢደርስም የብረት እጥረት ሊኖር ይችላል።