ትንሹ ውሻ ሰው ሲነክስ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ትንሽ ነው፣ ምን ያደርጋል?» ማለት

ትልቅ ውሻ የሰው ሱሪ ቢነክስ በዚያው ቀን ይታሰራል። ጉልበት የማይደርሰው ሲያደርገው ግን ቤተሰቡ ይስቃል፤ ውሻውም ልማዱን ያጠነክራል። ቀጭን ጥርስ የሚተወው ቀዳዳ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ላዩ ቶሎ ይገጥምና ጀርሙ ውስጥ ይቀራል። ወለል ላይ የሚጫወት ሕፃን ደግሞ ፊቱ ከውሻው አፍ ጋር እኩል ነው። የእብድ ውሻ በሽታም በምራቅ ስለሚተላለፍ ከየትኛውም ቁመት ውሻ ሊመጣ ይችላል።

ሲያጉረመርም መምታት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ውሻ ከመንከሱ በፊት ያስጠነቅቃል፤ ፊቱን ያዞራል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ሰውነቱ ድርቅ ይላል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል። ሰሚ ሲያጣ ያጉረመርማል፣ ጥርሱን ያሳያል። ፀጉራም ትንሽ ውሻ ላይ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች በፀጉሩ ይሸፈናሉ፣ ስለዚህ ለቤተሰቡ የሚቀረው ማስጠንቀቂያ ማጉረምረሙ ብቻ ነው። በነጠላ ጫማ ሲመታ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ፍርሃቱ ግን እንዳለ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ይነክሳል። «ዝም ብሎ ነከሰኝ» የሚባልለት ውሻ ብዙ ጊዜ እንዲህ የሆነ ነው።

ሲያጉረመርም እጅዎን ይሰብስቡ፣ አጠገቡ ያለውን ሰው ያርቁ፣ ከዚያ ምክንያቱን ይፈልጉ። ምግቡ አጠገብ ነበር? ተኝቶ ሳለ ተነካ? ከላይ ወደ ጭንቅላቱ እጅ ተዘረጋ? ለሳምንት ያህል ይህን በወረቀት የያዘ ሰው የሚነክስበትን ሰዓትና ሁኔታ ራሱ ይደርስበታል።

ታቅፈው እንግዳ መቀበል

የታቀፈ ውሻ መሸሽ አይችልም። ሰላም ለማለት የሚዘረጋው እጅ በቀጥታ ወደ ፊቱ ይመጣል፤ ማምለጫ የሌለው ውሻ ደግሞ ይነክሳል። ጎረቤት ለቡና የተጠራ ከሆነ ጀበናው ሳይጣድ በፊት ውሻውን ወደ ሌላ ክፍል ያስገቡና በሩን ይዝጉ። እንግዶቹ ተቀምጠው ከተረጋጉ በኋላም ቢሆን በገመድ ካልያዙት አያውጡት።

በር ላይ በአጭር ሰንሰለት ማሰር

ጅማ ውስጥ በግቢ በር ላይ ከጠዋት ጀምሮ ባጃጁ፣ ተማሪው፣ ገበያተኛው ያልፋል። ውሻው ይጮኻል፣ ሰውየው መንገዱን ቀጥሎ ይሄዳል፤ ውሻው ግን ያባረረው እሱ ይመስለዋል። ይህን ሲደጋግም ውሎ አንድ ቀን በሩ ክፍት ሆኖ ሲያገኝ ተከትሎ ተረከዝ ይይዛል። ስለዚህ ቦታውን ከቤቱ ጀርባ፣ መንገዱ በማይታይበት ያድርጉለት። እዚህ ዝናቡ የሚያባራው ለጥቂት ወራት ብቻ ስለሆነ የውሻውን ቤት ወለል ቢያንስ አንድ ስንዝር ከመሬት ከፍ ያድርጉት፤ ረጥቦ የሚያድር ውሻ ነጭናጫ ይሆናል።

ለሶላት ታጥቦ የወጣ ጎረቤት የውሻ ምራቅ እንዲነካው አይፈልግም። ውሻው ሲጠጋው በድንገት ወደ ኋላ ይላል ወይም ልብሱን ይሰበስባል፤ ይህ እንቅስቃሴ ለፈሪ ውሻ እንደ ጥቃት ነው። ውሻውን ከመንገዱ ማራቅ የባለቤቱ ግዴታ ነው።

እንግዳው በእጁ እንዲያጎርሰው ማድረግ

ሐሳቡ ደግ ነው፣ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ መጥፎ ነው። ውሻው ሥጋውን ጎምጅቶ ይጠጋል፣ ሥጋው ሲያልቅ ራሱን ከሚፈራው ሰው ሥር ያገኛል። በዚህ ፋንታ ሰውየው 10 ሜትር ያህል ርቆ፣ ጎኑን ሰጥቶ፣ ውሻውን ሳያይ ይቁም። ርቀቱ ትክክል የሚሆነው ውሻው እያየው ካልጮኸ ነው። ባለቤቱ በገመድ ይዞ የጥፍር ያህል የተቀቀለ ሥጋ እየቆረጠ መሬት ላይ ይጣልለት፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 5 ደቂቃ ይበቃል። ሦስት አራት ቀን ከተረጋጋ አንድ ሜትር ይቅረቡ፤ ከጮኸ ወደ ቀድሞው ርቀት ይመለሱ። ወጥ የነካ ሥጋ አይስጡት፤ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው።

ድንገተኛ ለውጥን እንደ ክፉ ጠባይ መቁጠር

ሰላማዊ የነበረ ውሻ በድንገት መንከስ ከጀመረ ብዙ ጊዜ ያመመው ነገር አለ፤ ጥርሱ፣ ጆሮው ወይም መገጣጠሚያው ሊሆን ይችላል። ለሐኪም ያሳዩት። ምራቁ የሚዝረከረክ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ መዋጥ ያቃተው ወይም አገጩ የወረደ ውሻ ግን ሌላ ነገር ነው። «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጅን አፉ ውስጥ መክተት ሕይወት ያስከፍላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ መንጋጋን ሲያሽመደምድ የሚታየው በትክክል ይኸው ነው። ሳይነኩት በር ይዝጉበትና የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

ከተነከሱ በኋላ የሚፈጸሙት

ቁስሉ ላይ የቡና ዱቄት መነስነስ ደሙን ሊያቆም ይችላል፣ ግን ምራቁን ውስጥ ያስቀረዋል። መጀመሪያ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠቡ፤ ጊዜው የሚረዝም ቢመስልም አያሳጥሩት። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። የባህል መድኃኒት እየሞከሩ ቀናት ማሳለፍ አደገኛ ነው፤ የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ይቀጥላል፤ ሐኪሙ የ28ኛውን ቀን ሊጨምር ይችላል። ቁስሉ ዳነ ብለው አያቋርጡ። የቴታነስ መርፌም ያስፈልግዎ እንደሆነ ይጠይቁ።

በንዴት ውሻውን መግደልም ስህተት ነው። ዘግተው፣ ምግብና ውሃ እየሰጡ፣ 10 ቀን ይጠብቁት። በእነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙም ክትባቱን ለማቆም የሚወስነው በዚህ ነው። ውሻው ከተገደለና ከተቀበረ ግን ይህን ማወቂያ መንገድ ይጠፋል። ክትባቱን ለመጀመር ግን 10ሩን ቀን አይጠብቁ።