ቴሲሱንና የጎን ሥራዎቹን በአንድ ፋይል እንዴት እንዳስታረቅኳቸው

የሥነ ልሳን ማስተርስ ቴሲሴን (የመመረቂያ ጽሑፌን) የምሠራው በሐረሪ ቋንቋ ግሦች ላይ ነው። የምኖረው ግን ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ከቴሲሱ ጎን የሚከፈልበት የትርጉም ሥራ አለ፣ ለስልክ የሚሆን ትንሽ መዝገበ ቃላት አለ፣ ለጓደኞቼ ቪዲዮ የግርጌ ጽሑፍ ማዘጋጀትም አለ። አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል።

መጀመሪያ ሰዓት ለመከፋፈል ሞከርኩ። ድሬ ላይ ከቀትር በኋላ ፕሮግራም ማውጣት ግን ቀልድ ነው፤ ሙቀቱ ራሱ ይሰርዘዋል።

የሠራልኝ ሰዓቱን ትቼ ፋይሉን አንድ ማድረጌ ነው። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ከአዛውንቶች የቀዳሁትን ድምፅ (ለሁሉም አገልግሎት ፈቃዳቸውን አስቀድሜ ጠይቄ) ኢላን በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ከፈትኩት። ኢላን ከድምፁ ሰዓት ጋር እያገናኘ በየረድፉ ያስጽፋል፦ አንዱ ረድፍ ንግግሩ፣ ቀጥሎ ምዕላዱ (ቃሉ የተሠራባቸው ትርጉም ያላቸው ትንንሽ ክፍሎች)፣ ከዚያ የአማርኛ ትርጉሙ፣ መጨረሻ ላይ ለመዝገበ ቃላት የሚሆኑት ቃላት። ምዕላዱ ለቴሲሱ ይሄዳል፣ ቃላቱ ወደ ስልኩ፣ ትርጉሙ ደግሞ በኤስአርቲ (የግርጌ ጽሑፍ ፋይል ዓይነት) ወጥቶ ቪዲዮው ግርጌ ይገባል። አንዴ ለፍቼ ሦስት ቦታ አዋልኩት ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኢላን ድምፁን ውስጡ አያስቀምጥም፤ ያለበትን ቦታ ብቻ ነው የሚይዘው። የድምፁን ስም ከቀየራችሁ ወይም ሌላ ፎልደር ከከተታችሁት «የት አለ?» ይላችኋል። ፍላሽ ላይ ስትገለብጡ የኢላኑን ፋይልና ድምፁን አብራችሁ ውሰዱ።

እዚህ ፋይል ውስጥ አልገባም ያለው የትርጉም ሥራው ብቻ ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍለው እሱ ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋትን፣ ሳይሞቅ፣ ለእሱ ሰጠሁት። ሌላ አዲስ ፕሮጀክት ይዞ ለሚመጣ ሰው መልሴ አንድ ነው፦ ከቴሲሱ ዲፌንስ (ፈታኞች ፊት ከማቀርበው) በኋላ።