የፐርል ጀማሪዎች በዩኒክስ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፐርል ቋንቋ የጻፉት ስክሪፕት (ፕሮግራም) አልሠራ ሲል ኮዱን ከመነካካትዎ በፊት «የተናገረው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልእክቱ የፋይሉን ስምና የመስመር ቁጥር ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ የተናገረው ፐርል ነው፤ ጥፋቱም ኮዱ ውስጥ ይገኛል። ከፋይልዎ የመስመር ቁጥር ከሌለው ግን ፐርል ገና ሥራ ሳይጀምር ሼሉ (የሚጽፉትን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም) የመለሰው ሊሆን ይችላል። ያኔ ኮድ ማገላበጥ ጊዜ ማባከን ነው።

ፋይሉን ሳያዘጋጁ ማስኬድ

«ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ፋይሉ የማስኬድ ፈቃድ የለውም፤ በ«ቸሞድ 755» ይስጡት። «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ካለ ደግሞ ሼሉ ያሉበትን ፎልደር አልፈለገም ማለት ነው፤ ከስሙ በፊት ነጥብና ስላሽ (./) ይጨምሩ። ስክሪፕትዎን «ቴስት» ብለው አይሰይሙት። ሼሉ በዚሁ ስም የራሱ ትእዛዝ ስላለው ያንን አስኬዶ ዝም ይላል፤ እርስዎ ግን ጤነኛ ፋይል ሲያርሙ ይውላሉ።

ዊንዶውስ ላይ የተጻፈን ፋይል እንዳለ መጠቀም

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያደናግረው ይህ ነው። ፋይሉ ፊትዎ ተቀምጦ ሳለ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» የሚል መልስ ይመጣል። ዊንዶውስ አንድን መስመር የሚዘጋው ቁጥራቸው 13 እና 10 በሆኑ ሁለት ባይቶች ነው፤ ዩኒክስ በ10 ብቻ ይዘጋል። ስለዚህ ስክሪፕቱን የሚያስኬደውን ፕሮግራም የሚጠራው፣ በ#! የሚጀምረው የመጀመሪያው መስመር ጫፍ ላይ የማይታየው 13 ይቀራል። ሲስተሙም የሚፈልገው ፐርልን ሳይሆን ያ ባይት ጭራው ላይ የተለጠፈበትን ስም ነው። የጠፋው ፋይል የእርስዎ ስክሪፕት ሳይሆን ይህ ስም ነው። ለማረጋገጥ ፋይሉን በ«ካት -ቪ» ይክፈቱት፤ በየመስመሩ መጨረሻ የ«^» ምልክትና «ኤም» ፊደል ከታዩ ችግሩ ይኸው ነው። «ዶስ2ዩኒክስ» የሚባለው ትእዛዝ ያጸዳዋል። #! የፋይሉ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት መሆናቸውንም ይዩ፤ ከፊታቸው ባዶ መስመር ወይም ክፍት ቦታ ካለ አይሠሩም።

«ስትሪክት»ንና «ዋርኒንግስ»ን መተው

ግድፈትን እንዲያጋልጡ ስክሪፕቱ አናት ላይ የሚጻፉት እነዚህ ሁለት መስመሮች («ዩዝ ስትሪክት» እና «ዩዝ ዋርኒንግስ») ከሌሉ በፊደል ግድፈት የተጻፈ ተለዋዋጭ እንደ አዲስ ባዶ ተለዋዋጭ ይቆጠራል። ስሌቱ ይሳሳታል፣ ፐርል ግን ቃል አይተነፍስም። «ዩዝ ስትሪክት» ካለ ፕሮግራሙ ሳይነሳ ግድፈቱ ያለበትን መስመር ይነግርዎታል። ከ5.36 ጀምሮ ባሉት እትሞች «ዩዝ ቪ5.36» የሚለው አንድ መስመር ሁለቱንም ያበራል።

መልእክቶቹ ሲደረደሩ የመጀመሪያውን ብቻ ያርሙና በ«ፐርል -ሲ» እንደገና ያስፈትሹ፤ ቀሪዎቹ ብዙ ጊዜ የእሱ መዘዝ ናቸው። ሴሚኮለን ሲረሳ ፐርል የሚጠቁመው ቀጣዩን መስመር ስለሆነ አንድ መስመር ከፍ ብለው ይመልከቱ።

ጽሑፍን በ== ማወዳደር

== የቁጥር ነው። ሁለት ቃላት ሲሰጡት ሁለቱንም ወደ ቁጥር ይቀይራል፤ በአኃዝ የማይጀምር ተራ ቃል ደግሞ 0 ይሆናል። 0 ከ0 እኩል ስለሆነ የማይገናኙ ቃላት «እኩል ናቸው» ይባላሉ፤ የይለፍ ቃል የሚፈትሽ ስክሪፕት ውስጥ ይህ ማንንም ያስገባል። ለጽሑፍ «ኢኪው» እና «ኤንኢ» ይጠቀሙ። «ኢኪው» ተጠቅመውም እኩል መሆን ያለባቸው ካልገጠሙ ከተርሚናል የተነበበው ቃል ጫፉ ላይ የመስመር መዝጊያ ይዟል፤ በ«ቾምፕ» ይቁረጡት።

መክሸፍን አለመፈተሽ

ፋይል መክፈት ሁልጊዜ «ኦር ዳይ» («ካልተሳካ መልእክት ሰጥተህ አቁም») ይከተለው፤ መልእክቱ ውስጥም $! ይግባ፣ ምክንያቱን የሚነግርዎ እሱ ነውና። «ኦር»ን በ|| መተካት ግን አደገኛ ነው። ቅንፍ ከሌለ || አጠገቡ ካለው የፋይል ስም ጋር ብቻ ይጣበቃል፤ ስሙ ባዶ እስካልሆነ ድረስ «ዳይ» አይነካም፣ ፋይሉ ባይከፈትም ስክሪፕቱ ይቀጥላል።

የውጭ ትእዛዝ የሚያስኬደው «ሲስተም» ደግሞ በተቃራኒው ነው። የውጭው ትእዛዝ ሲሳካ የሚመልሰው 0 ነው፣ ለፐርል ደግሞ 0 ሐሰት ነው። ስለዚህ «ሲስተም ... ኦር ዳይ» የሚል ኮድ ሥራው በትክክል ባለቀ ቁጥር ይሞታል፣ ሲከሽፍ ያልፋል። ውጤቱ == 0 መሆኑን ፈትሸው ከዚያ «ኦር ዳይ» ይበሉ። የትእዛዙን የመውጫ ቁጥር ከፈለጉ $? >> 8 ይሰጥዎታል።

በእጅ የሠራው በክሮንም ይሠራል ብሎ ማመን

ክሮን (ትእዛዞችን በተቀጠረላቸው ሰዓት በራሱ የሚያስኬደው ፕሮግራም) የእርስዎን የሼል ማስተካከያ አያነብም። የሚያውቃቸው የፕሮግራም መንገዶች ጥቂት ናቸው፤ የሚነሳውም ስክሪፕቱ ካለበት ፎልደር አይደለም። ለፋይሎችም ለውጭ ትእዛዞችም ሙሉ መንገድ ይጻፉ። ሞጁሉ (ስክሪፕቱ የሚጠቀምበት ሌላ የኮድ ፋይል) አልተገኘም ካለ፣ ከ5.26 ጀምሮ ፐርል ስክሪፕቱ የተነሳበትን ፎልደር በራሱ እንደማይፈልግ ያስታውሱና የሞጁሉን ቦታ በ«ዩዝ ሊብ» ይንገሩት። በክሮኑ መስመር መጨረሻ ላይም >> ብለው የመመዝገቢያ ፋይል ስም፣ ቀጥለው 2>&1 ይጨምሩ፤ የስህተቱ መልእክት እዚያው ተጽፎ ይጠብቅዎታል።