ቲ-6 ቴክሳን፦ ሲግል ብቻ የሚደክመው ማግኔቶ

ቲ-6 ቴክሳን የድሮ ማሠልጠኛ አውሮፕላን ነው። ሞተሩ ፕራት ኤንድ ዊትኒ አር-1340 ነው፤ ዘጠኝ ሲሊንደር፣ 600 የፈረስ ጉልበት። ቀዝቃዛ ሳለ ሁለቱም ማግኔቶዎች (ለካንዴላዎቹ ብልጭታ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ክፍሎች) ሰላም ናቸው። ሃያ ደቂቃ ሠርቶ ሲግል ግን በቀኙ ማግኔቶ ብቻ ስናሠራው ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር ከ200 በላይ ይቀንሳል፤ ሞተሩም ይንተፋተፋል። የሚፈቀደው 100 አካባቢ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርነው ካንዴላ ነው። አሥራ ስምንቱንም አውጥተን አጸዳን፣ ክፍተታቸውን ለካን። ለውጥ የለም። የካንዴላ ገመዶቹን በከፍተኛ ቮልቴጅ ፈተሽናቸው፤ ደህና ናቸው። ታይሚንጉንም (ብልጭታው የሚወጣበትን ጊዜ) እንደገና አስተካከልን። ሦስት ቀን እንዲሁ ሄደ።

ፍንጩን የሰጠን የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ነው። በቀኙ ማግኔቶ ብቻ እያሠራን የየሲሊንደሩን ሙቀት ለካን። ለብቻው የቀዘቀዘ አንድም የለም። አንድ ካንዴላ ወይም አንድ ገመድ ቢሆን ኖሮ የራሱ ሲሊንደር ብቻ ይቀዘቅዝ ነበር። ስለዚህ ጣጣው ያለው ማግኔቶው ውስጥ ነው። ስንከፍተው በቅርቡ የቀየርናቸው መገናኛ ነጥቦች (በማግኔቶው ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኙትና የሚያቋርጡት) ተቃጥለዋል። ይሄ ደግሞ ነጥቦቹን ከቃጠሎ ወደሚጠብቀው ክፍል፣ ወደ ኮንደንሰሩ ይጠቁማል።

ፈትተን ለካነው፤ ጤነኛ ነው። በፀጉር ማድረቂያ አሙቀን ስንለካው ግን ኤሌክትሪክ ያሾልካል። አገኘንህ! እሱንና ነጥቦቹን ቀይረን፣ ታይሚንጉን አስተካክለን ገጠምን። አሁን ሲግልም የሚወርደው 60 ዙር ብቻ ነው።

መደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት የተቀመጠ «አዲስ» ኮንደንሰር ከገዛችሁ እሱንም አሙቃችሁ ለኩት። ማግኔቶ ከተነካ በኋላ ደግሞ የማጥፊያው ሽቦ በትክክል መሥራቱን ሳታረጋግጡ ፕሮፔለሩን በእጅ እንዳታዞሩ፤ ማግኔቶው ካልጠፋ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል።