ቸኮሌት ነው ወይስ የሚረጋ ዘይት? ከመክፈላችሁ በፊት እንዴት እንደምትለዩት

ጅማ መናኸሪያ አካባቢ ከሰአት 8 ሰአት ላይ ፀሀይ ቀጥታ የሚመታው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ ምንም ያልለሰለሰ ቸኮሌት ካያችሁ ጠርጥሩ። እውነተኛውን ቸኮሌት የሚያጠነክረው የኮኮዋ ቅቤ ነው፣ እሱ ደሞ 34 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣል፣ አፋችን 37 ስለሆነ ነው እዛው ምላስ ላይ የሚሟሟው። ፀሀዩን የቻለው ግን ብዙ ጊዜ በፓልም ዘይት የተሰራ ነው፣ ያው ኩሽናችን ውስጥ የሚረጋው ዘይት የምንለው ወይም የሱ ዘመድ። ፋብሪካዎቹ ኮምፓውንድ ይሉታል።

ለምን ይቀይሩታል? ዋጋ ነዋ። አይቮሪኮስትና ጋና ላይ ምርት ተበላሽቶ በፈረንጆቹ 2024 ዲሴምበር ኒውዮርክ ላይ ኮኮዋ በቶን ከ12,000 ዶላር በላይ ገብቶ ነበር። ቡና ሲወደድ የተፈጨው ላይ የተቆላ ገብስ ጣል እንደሚደረገው በሉት። ነገሩ ደሞ አዲስ አይደለም፣ በፈረንጆቹ 2009 ላይ ቸኮሌት አምራቹ ካድበሪ ኒውዚላንድ ውስጥ ፓልም ዘይት ቢጨምር ህዝቡ ተንጫጭቶ እዛው አመት አስወጥቶታል።

እሺ፣ ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ፊቱን ተዉት፣ ፊቱ ላይ ሁሉም የወተት ፏፏቴ ነው። «እስቲ ጀርባውን ልየው» በሉና ከምን እንደተሰራ የሚለውን አንብቡ፣ ብዛት ያለው ነው ቀድሞ የሚፃፈው። ኮኮዋ በተር (የኮኮዋ ቅቤው) እና ኮኮዋ ማስ (ወይ ኮኮዋ ሊከር፣ የተፈጨው የኮኮዋ ፍሬ ራሱ) ካለ ጥሩ ነው። ቬጅቴብል ፋት፣ ፓልም ከርነል ኦይል፣ ሃይድሮጂኔትድ ምናምን ከስኳር ቀጥሎ ከመጣ፣ ከማስ ፈንታ ደሞ ኮኮዋ ፓውደር ብቻ ካለ፣ አለቀ፣ ኮምፓውንድ ነው። የወተት ስብና ሌሲቲን (ማዋሃጃው) ግን አያስደንግጧችሁ፣ እነሱ እውነተኛውም ውስጥ አሉ። የአውሮፓ ሲሆን ትንሽ ያደናግራል ምክንያቱም ህጋቸው እስከ 5 ፐርሰንት ድረስ ፓልምና ሺአን (የአፍሪካ ዛፍ ፍሬ ነው) የመሳሰሉ ስቦች ይፈቅዳል፣ ስለዚ ኮኮዋ በተሩም ዘይቱም አብረው ሊፃፉ ይችላሉ። አሜሪካ ግን በዘይት የተተካውን ቸኮሌት ብለህ አትሸጥም፣ ለዛ ነው «ቸኮሌት ፍሌቨር» ወይ «ቸኮሌቲ» የምትል ቃል ሹልክ አድርገው የሚያስገቡት።

ከቱርክ የመጣ ከሆነ «ኮኮሊን» የሚል ፈልጉ፣ ኮምፓውንድ ማለት ነው። አረብኛ ብቻ የተፃፈበት ከሆነ ደሞ ጅማ ውስጥ ቁርአን ቤት የተማረ ልጅ አይጠፋም፣ «ዘይት ነባቲ» ይላል ወይ ብላችሁ አስነብቡት፣ የአትክልት ዘይት ነው።

ሌብል ከሌለው (በኪሎ ቆርጠው የሚሸጡት ማለቴ ነው) ትንሽ ቁራሽ በሁለት ጣት ይዛችሁ ጠብቁ። እውነተኛው ቶሎ ጣት ላይ ይቀባል። ከዛ አፋችሁ ውስጥ ሳታኝኩ ተዉት፣ ኮምፓውንዱ ቀልጦም ላንቃ ላይ ልጥፍ ብሎ ይቀራል፣ ሙቅ ቡና ካልጠጣችሁበት አይለቅም። ቲክቶክ ላይ «ቀጭ ብሎ ከተሰበረ እውነተኛ ነው» የሚሉትን እኔ አላምንበትም፣ ጥሩ ኮምፓውንድም ቀጭ ይላል። ነጭ ነጭ ማለቱም ሻጋታ ወይ ፌክ ነው ማለት አይደለም፣ ሙቀት መቶት ስቡ ወደ ላይ ወቶ ነው።

ለማቅለጥ ሁለቱም ፍል ውሃ ያለበት ድስት ላይ በተቀመጠ ሳህን ነው፣ የውሃ ጠብታ ከገባ ሁለቱም ይጓጉላሉ ስለዚ ማንኪያው ደረቅ ይሁን። ኮምፓውንዱ ቀላል ነው፣ ይቀልጣል፣ ብስኩቱን ትነክራላችሁ፣ ራሱ ይረጋል፣ ለልደት ኬክ ማስጌጫ እንደውም እኔ እሱን እመርጣለሁ። እውነተኛው ግን ሙሽራ ነው፣ ከሶስት እጁ ሁለቱን ብቻ አቅልጡ፣ ከእሳት አውርዱና የቀረውን ከትፋችሁ ጨምሩ፣ ከዛ ከንፈር ላይ ሲነካ ቀዝቀዝ እስኪል ማማሰል ነው። ቴርሞሜትር ያለው ጥቁሩን ቸኮሌት 31 ወይ 32 ዲግሪ ላይ ይጠቀምበት። ይሄን ከዘለላችሁ ሲረጋ አያበራም፣ በማግስቱ ይዥጎረጎራል።

ኮምፓውንድ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ በቸኮሌት ዋጋ አትግዙት ነው። ደሞ ሁለቱን አትቀይጡ፣ የፓልም ከርነል ስብና የኮኮዋ ቅቤ አይስማሙም፣ ይልፈሰፈስና ነጭ ያወጣል። ከቀየጣችሁት ግን አትጣሉት፣ ኬክ ሊጥ ውስጥ ጨምራችሁ ጋግሩት፣ እዛ ማንም አያውቅበትም።